የቀለጠና የተቃጠለ

በልብስ ማጠቢያ ቤቱ «እማማ ካውያ» ነው የሚሏቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲተኩሱ አንድ ልብስ አላቃጠሉም፤ ይህንንም ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም ይናገራሉ። ኧረ ይናገሩ! ማንን ፈርተው?

አንድ ቀን ጠዋት ወጣቱ ኃላፊ ለመተኮስ ብቻ መጥቶ እሳቸው ትናንት የተኮሱትን ግራጫ የሱፍ ኮት ይዞ እየተጣደፈ ገባ። የኮቱ ደረት ላይ ጠቆር ያለች ነጥብ አለች።

«አቃጠሉት እማማ! ባለቤቱ ውጭ ቆሞ ይጮኻል። ዓይንዎ ደክሟል ብዬ ነበር። ከነገ ጀምሮ ካውያውን ለሌላ ሰው ያስረክቡና ማጠፍ ላይ ይሁኑ።»

እማማ ደማቸው ፈላ። እሳቸው ናቸው ማጠፍ ላይ የሚሆኑት? ኮቱን መንጭቀው ነጥቧን አሸተቱ፤ በጥፍራቸውም ፋቅ ፋቅ አደረጉ።

«የተቃጠለ ሱፍ እንደተቃጠለ ፀጉር ይከረፋል፣ ሲነኩት ይፈረፈራል። ሌላ ነገር ሆኗላ! ምን ብታደርገው አይመለስም። ይሄ ግን ሻማ ነው ልጄ። ቀልጦ ሰረገ እንጂ ሻማነቱን አልተወም። ሰውየውን ጥራልኝ።»

ሰውየው ሲገባ እማማ ከኮቱ ላይና ሥር ንጹሕ ወረቀት አድርገው ለብ ባለ ካውያ ተጫኑት። ወረቀቱ ሻማውን መጥጦ ቅባት በቅባት ሆነ፤ ነጥቧም ድራሿ ጠፋ።

«ለካ ባለፈው መብራት ሲጠፋ ሻማ ይዤ ነበር» አለ ሰውየው አንገቱን ደፍቶ። ኃላፊው የሚገባበት ጠፋው። እማማ ደግሞ ወገባቸውን ይዘው ቆሙ፤ አቤት ኩራት!

ኮቱን ሊሰቅሉ ኮሌታውን ቀና ሲያደርጉ ግን አፍንጫቸውን አንድ ሽታ መታው። ከኮሌታው ሥር ጥፍር የምታህል ቢጫ ምልክት አለች። ነካ ሲያደርጓት ሱፉ ተፈረፈረ። ክው አሉ። ማንም አላየም፤ ኮሌታው ከታጠፈ ደግሞ ማንም አያይም።

«ይቺ ግን ተቃጥላለች» አሉ ኮሌታውን ገልብጠው እያሳዩ። «ያቃጠልኳትም እኔ ነኝ።»

ሰውየው ጠጋ ብሎ አየና ሳቀ። «እዚህ ሥር ማን ሊያየው? ይተዉት እማማ።»

«እኔ አይቼዋለሁ» አሉ። ካውያውን ከሶኬቱ ነቅለው ለኃላፊው ዘረጉለት።

ኃላፊው ካውያውን ተቀብሎ መልሶ ሰካው።

«እኔ ብሆን ኮሌታውን አጥፌ ዝም እል ነበር» አለ።

«አውቃለሁ» አሉት እማማ። «በል አፍንጫህን ወዲህ አምጣና አሽትት።»