መለመን የማያውቅ ጋባዥ

አቶ ተክለ ማርያም የእንግሊዝኛ ክፍላቸውን ለማለፍ የቀራቸው አንድ ፈተና ብቻ ነው፦ ስልካቸው ላይ ካለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር አምስት ደቂቃ ሙሉ በእንግሊዝኛ ማውራት። ቶርንክሊፍ ፓርክ በተባለው የውጭ አገር ሰፈራቸው አብረዋቸው የሚማሩት ሁሉ አልፈዋል። እሳቸው ግን ሦስት ጊዜ ሞክረው፣ ሦስቱንም ጊዜ ወሬው አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አለቀ። ዛሬም ካልሞላላቸው ክፍሉን ከመጀመሪያው ሊደግሙት ነው።

«ምን ቢሉት ነው ጋሼ?» አለች የክፍል ጓደኛቸው ራውዳ።

«ምንም! በፈተናው እሱ ጋባዥ፣ እኔ እንግዳ ሆነን ነው የምናወራው። ሾርባ ላቅርብልዎት አለኝ። አይ፣ ይቅርብኝ አልኩት። በቃ፣ መልካም ቀን ብሎ ሸኘኝ!»

«ታዲያ እሺ አይሉትም?»

«በመጀመሪያው? ረሀብተኛ ነኝ እንዴ?»

ራውዳ ሳቋ አመለጣት። «እሱ ምን ያድርግ፣ በሞቴ የምትል እናት አላሳደገችው። እርስዎ ያስተምሩት እንጂ!»

ምክሩ ገባቸው። ስልኩን አፋቸው አጠገብ ይዘው፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ «እምቢ ስልህ አትተወኝ፤ ደግመህ ለምነኝ» አሉት።

ማሽኑ ታዛዥ ነው፤ ለመነ። በልቼ ነው የመጣሁት አሉት። ትንሽ ይቅመሱ አለ። ሐኪም ጨው ከልክሎኛል አሉ። ጨው የለበትም አለ። እንግዲያው ማን እንደሠራው፣ ሥጋው ከየት እንደተገዛ ጠየቁ። በስድስተኛው ልመና ተንፈስ ብለው፣ «እንግዲህ ካስቸገርከኝ፣ ለአንተ ስል» አሉ።

ራውዳ ሰዓቱን አየች። ሰባት ደቂቃ ሆኗል። ጋሼ አልፈዋል፤ ሾርባው ግን ገና አልቀረበም።