የሚስተር ኮምስ ቡዊክ ቀለም

በአሜሪካዋ የመኪና ፋብሪካ ከተማ በፍሊንት፣ በአሮጌ መኪኖች ማኅበር ውስጥ ለአሥራ ሁለት ዓመት ዳኛ ነበርኩ። አንድ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ሁሉ እንደያዘ መቆየቱን አጣራለሁ፤ ቀለሙን፣ ሬዲዮኑን፣ የወንበሩን ልብስ። ፋብሪካው በየዓመቱ የሚያወጣውን የቀለም መጽሐፍ በቃሌ ስለማውቅ ጓደኞቼ «ሩስ ሲያነጥስ እንኳ የቀለም ቁጥር ነው የሚወጣው» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። እኔ ግን ቀልዱን እንደ ሹመት ነበር የምቆጥረው።

አንድ ሐምሌ ላይ ቨርሊን ኮምስ የሚባሉ የሰማንያ አንድ ዓመት ጡረተኛ የ1966 ቡዊክ መኪናቸውን ይዘው ወደ ማኅበሩ የመኪና ትርዒት መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያው በቡዊክ ፋብሪካ የመገጣጠሚያ መስመር ላይ በር ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። መኪናዋ የበሰለ ኮክ ትመስላለች። የቀለሙ ቁጥር የተጻፈባትን ቆርቆሮ ዝገት በልቷታል።

«ሚስተር ኮምስ፣ ይህ ቀለም በዚያ ዓመት አልነበረም» አልኳቸው።

«ነበር እንጂ! ባለቤቴ ኦፓል ናት ያዘዘችው። ከመስመሩ ስትወጣ እዚያው ቆመን አይተናታል።»

«መጽሐፉ ውስጥ የለማ።»

«እኔ መኪና ነው የገጣጠምኩት ልጄ፣ መጽሐፍ አልገጣጠምኩም።»

የከበቡን ሰዎች ሳቁ። በእኔ የሳቁ መሰለኝና ደሜ ፈላ። «ምን ይደረግ፣ እርጅና ያስረሳል» አልኩ ጮክ ብዬ። አሁን በእሳቸው ሳቁ። ሽማግሌው መኪናቸውን አስነሥተው ሄዱ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው መኪና ወደምቀባበት ጋራዤ መጡ። «በትክክለኛው ቀለም ቀባልኝ» አሉ። ኦፓል ከሞተች ስድስት ዓመት አልፎ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ያንን ቀለም እስከ ብረቱ ድረስ ፋቅኩት፤ ከኮፈኑ ሥር፣ ከበሮቹ ጎን፣ ከዕቃ መጫኛው ውስጥ ሳይቀር። ከዚያ መጽሐፉ ውስጥ ካሉት ጥቁር ሰማያዊውን ቀባኋት።

ፈትቼ ጥግ ያስቀመጥኩትን የኋላ ወንበር ልመልስ ስገለብጠው፣ በሞላዎቹ መሃል የተጣበቀ ቢጫ ወረቀት አየሁ። ድሮ የመስመሩ ሠራተኞች ለየትኛው መኪና ምን እንደሚገጠም የሚያነቡበት ወረቀት ነው። ስለ ሞተሩ ይላል፣ ስለ ሬዲዮኑ ይላል፤ ከታች ደግሞ «ቀለም፦ ልዩ ትእዛዝ፣ ኮክ» ይላል።

ወረቀቱን አጥፌ መሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ ደበቅኩት።

ሚስተር ኮምስ መኪናቸውን ሲረከቡ እጄን በሁለት እጃቸው ጨብጠው አመሰገኑኝ። በመስከረም ትርዒት አንደኛ ወጡ። ዋንጫውን ያስረከብኳቸው እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አለኝ። ሚስቴ ጆይስ «ምን ሆነሃል?» ስትለኝ በጨጓራዬ አሳብባለሁ።

በጥቅምት አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ ቤታቸው ሄድኩ። ባቄላ በበቆሎ ዳቦ እየበሉ ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። መነጽራቸውን ፈልገው አነበቡት፤ ደግመውም አነበቡት።

«መቼ አገኘኸው?»

«በነሐሴ። ከፋቅኩት በኋላ።»

«ደብቀኸው ኖሯላ!»

«አዎ። አፍሬ ነው።»

«ዘንድሮ እረሳለሁ» አሉ። «ምድጃ እንደነደደ ትቼ እወጣለሁ። አንተ ያን ቀን ስትናገረኝ፣ በቃ መርሳቱ ኦፓልንም ወሰደብኝ አልኩ። እዚያ መስመር ዳር አጠገቤ ቆማ ስታጨበጭብ ያየሁት ሁሉ ከራሴ የፈጠርኩት መሰለኝ። መኪናዋን ባየሁ ቁጥር እፈራ ነበር። ለዚያ ነው ያስቀባኋት።»

«ይቅር ይበሉኝ። መልሼ በኮኩ እቀባታለሁ።»

«ያ የአንተ ቀለም ነው የሚሆነው እንጂ የእሷ አይሆንም። ተወው።» ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሡ፣ «ግን ጭንቅላቴ አልዋሸኝም ነበር፣ አይደል?» አሉ።

«አልዋሸዎትም።»

«በል ይህንን ለልጄ ለዴና ንገርልኝ። እኔ ብነግራት አታምነኝም» ብለው ስልኩን አቀበሉኝ።

ለዴና ሁሉንም ነገርኳት። አፏ እንዳመጣላት ሰደበችኝ። አባቷ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ምግባቸውን ይበላሉ። በኅዳር ማኅበሩ ሲሰበሰብ ተነሥቼ ያደረግሁትን ተናገርኩ፤ ከዳኝነቱም ወረድኩ። ማንም አልሳቀም።

ሚስተር ኮምስ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖሩ። እሑድ እሑድ ልጠይቃቸው እሄድ ነበር። በመጨረሻው ዓመት አያውቁኝም።

«አንተ ማነህ?» ይሉኛል።

«ቀለም ቀቢ ነኝ።»

«ደግ ሥራ ነው» ይሉና ወንበር ይስቡልኛል።