ድምፁ የተዘጋ ሎህ

ዘይና ማንበብ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የልጇን መልእክት፣ ያውም ሌላ ሰው ሳይሰማው።

ልጇ ከውሰር ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት ትሠራለች። በስልክ ስታወራ አሠሪዋ ስለምትቆጣ፣ ሥራ በረድ ሲልላት ጥቂት መስመር ጽፋ ትልካለች። እናቷ ደግሞ ፊደል የማታውቅ በመሆኗ፣ ስልኳን ይዛ ከሚሴ ባጃጅ ተራ ፊት ለፊት ወዳለው የበድሩ ሞባይል ሱቅ ትሄዳለች። በድሩ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ግን የሰው ምሥጢር እጁ ሲገባ ድምፁ የሚወፍር ዓይነት ሰው ነው። ካርድ ሊገዛ የመጣው፣ ስልክ ሊያሠራ የመጣው፣ ተሳፋሪ የሚጠብቀው ሾፌር ሳይቀር እየሰማ «እማ፣ አንድ ሰው ለትዳር ጠይቆኛል» የሚለውን ያነበበላት ዕለት፣ ዘይና ቤቷ ሳትደርስ ጎረቤቶቿ መንገድ ላይ «ሙባረክ!» እያሉ ተቀበሏት። ሰውየው ኋላ ሐሳቡን ለወጠ። ከሚሴ ግን እስከ ዛሬ ስለ ሠርጉ ይጠይቃል።

ስለዚህ እኔ ወደማስተምርበት የጎልማሶች ክፍል መጣች። «መምህር፣ ልጄን እኔው ላንብባት» አለችኝ። በረዥሙ የማስተማር ዘመኔ ከዚህ የጠራ የትምህርት ዓላማ ሲነገር አልሰማሁም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ይህን ክፍል የተቀበልሁት በጠመኔና በሰሌዳ ላስተምር ነበር። ይሁንና ክፍሉን የሚደግፈው ፕሮጀክት አስተባባሪ፣ ሙስዐብ የሚባል ጨዋ ግን ችኩል ወጣት፣ አንድ ቀን አመሻሹ ላይ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ ካርቶን ሙሉ ታብሌት አሸክሞ ከተፍ አለ።

«ጋሼ ኑርሁሴን፣ ከእንግዲህ መልፋት ቀረ። ትምህርቱ በሙሉ ኢንተርኔት ላይ ተዘጋጅቷል፤ ንባቡም፣ ጽሕፈቱም፣ የስልክ አጠቃቀሙም። የእርስዎ ሥራ መከታተል ብቻ ነው።»

«ማንን ነው የምከታተለው? ተማሪዎቹን ወይስ ዕቃውን?»

«ሁለቱንም» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ትምህርቱ ክፉ አልነበረም፤ ይህን መካድ ግፍ ይሆናል። ሥዕል አለው፤ ከሥዕሉ ሥር ዐረፍተ ነገር፣ ከዐረፍተ ነገሩ ጎን የጆሮ ምልክት አለ። ጆሮውን ሲነኩት አንዲት ለስላሳ ድምፅ ያላት ሴት ታነባለች። ተማሪው ተከትሎ ካነበበና ጥያቄውን በትክክል ከመለሰ አረንጓዴ ኮከብ ይበራለታል። ያዘጋጁት ሰዎች ብዙ አስበዋል። ያላሰቡት ነገር ቢኖር የእኛ አገር ሰው እንዴት እንደሚማር ነው።

ሁሉም ሴቶች ከሆኑት ተማሪዎቼ አብዛኞቹ በልጅነታቸው ቁርአን ቤት ገብተዋል። እዚያ ደረሳ የሚባለው ተማሪ ትምህርቱ የተጻፈበትን የእንጨት ሰሌዳ፣ ማለትም ሎሁን፣ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ወደፊትና ወደኋላ እየተወዛወዘ፣ ሸኹ ያሉትን እየደጋገመ በቃሉ ይይዛል። ቃሉን ሳያዛንፍ ሲይዝ ሎሁ ታጥቦ አዲስ ትምህርት ይጻፍበታል። ሥርዓቱ ለተቀደሰው ዓላማው የተመሰገነ ነው። ታብሌቱ ጭናቸው ላይ የተቀመጠ ዕለት ግን ሴቶቹ ስሙን እንኳ ሳይጠይቁ «ሎህ» አሉት፤ ጆሮውን ነኩና መወዛወዝ ጀመሩ።

«ጣታችሁን ፊደሉ ላይ!» እላለሁ።

«አብሽር መምህር፣ እየያዝነው ነው» ትለኛለች ዙቤይዳ፣ የዘይና የባሏ እህት፣ ዐይኗን እንደጨፈነች።

«ዐይንሽን ጨፍነሽ ነው የምታነቢው?»

«ስጨፍነው ነው የሚገባኝ፣ ወላሂ!»

ክፍሉ ይስቃል። ኮከቡም ይበራል። አዎ፣ ይበራል! ጥያቄው የሚቀርበው በድምፅ፣ መልሱም የሚቀመጠው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ስለነበር፣ ሴቶቹ የትኛው ጥያቄ ሲመጣ የትኛውን ማዕዘን መንካት እንዳለባቸው ጭምር በቃላቸው ያዙት። ለሙስዐብ ነገርሁት። እርሱም በስልኩ የኮከቦቹን ብዛት ከፍቶ አሳየኝ።

«ይዩት ጋሼ፣ ዘይና ከሁሉም ትበልጣለች። ሲስተሙ አልፋለች ይላል።»

«ሲስተሙ ዐይኗ የት እንደሚያርፍ ያያል?»

«እሱንስ አያይም።»

«እኔ አያለሁ።»

«እሺ ጋሼ፣ እሺ» አለኝ። ሽማግሌ የተናገረውን ለመርሳት ከእሺ የሚቀልል መንገድ የለም።

ሥራውን ሊጎበኙ እንግዶች የመጡ ዕለት ዘይና ተነሣች። ታብሌቱን በሁለት እጇ ይዛ «ቢስሚላህ» አለችና፣ «በጎቹ ወደ ወንዝ ወረዱ። ውኃ ጠጡ። ጠግበው ተመለሱ» እያለች አንድም ቃል ሳታዛንፍ ወረደችው። እንግዶቹ አጨበጨቡ። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ከፊቷ የተከፈተው ገጽ ሳሙናና እጅ የተሣለበት፣ ስለ እጅ መታጠብ የሚናገር ትምህርት ነበር። በገጹ ላይ አንድም በግ አልነበረም።

እንግዶቹ እንደወጡ ሙስዐብ የምስክር ወረቀቶቹን እንድፈርም ብዕር አቀበለኝ። ብዕሩን አልተቀበልሁትም። ወደ ዘይና ዞሬ፣ «ከከውሰር የመጣ አዲስ መልእክት አለሽ?» አልኋት።

«ትናንት የመጣ አለ። በድሩ ጋ አልወሰድሁትም፤ ዛሬ ስመረቅ ራሴ ላነበው ብዬ።»

ስልኩን ከጉያዋ አወጣችው፤ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ የመስታወቱን ዳርና ዳር በጣቷ መዳሰስ ጀመረች። ለካ የጆሮውን ምልክት እየፈለገች ኖሯል።

«ጆሮ የለውም» አለችኝ በቀጭን ድምፅ።

«የለውም።»

ቀጥሎ ቁጣዋ መጣ። «ማሻአላህ ያላችሁኝ እናንተ አይደላችሁም? ይሄን ሁሉ ኮከብ የሰጠኝስ ማነው?» ሙስዐብ ብዕሩን ወደ ኪሱ መለሰ። እርሷም ሻሿን አጥብቃ ወጣች፤ ወዴት እንደምትሄድ ሁላችንም እናውቅ ነበር። በማግስቱ የባጃጅ ሾፌሮች «የከውሰር ሳል ተሻላት?» እያሉ ይጠይቁ ጀመር።

እኔም በማግስቱ የሁሉንም ታብሌት ድምፅ ዘጋሁ።

እንዲህ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊት በክፍሌ ተሰምቶ አያውቅም። «ድምፅ የሌለው ሎህ ምን ሎህ ነው?» አለች አንዷ። «ማሎ መምህር፣ እባክዎ ይመልሱልን!» አለች ሌላዋ። ዙቤይዳማ «ሸኻችን ዲዳ ሆኑ በሉኛ!» ብላ ደረቷን መታች። ሙስዐብ በበኩሉ ትምህርቱ ያለ ድምፅ እንዲሰጥ እንዳልተዘጋጀ አስረዳኝ። «እንግዲያው እኔ አዘጋጀዋለሁ» አልሁት። ድረ ገጹን ስጎረጉር መምህሩ የራሱን ትምህርት ጽፎ የሚያስገባበት ቦታ አግኝቼ ነበር። እስከዚያ ቀን ማንም አልነካውም፤ ሰው የተዘጋጀለትን እንጂ ራሱ የሚያዘጋጅበትን መቼ ይወዳል!

ከቀትሩ የዝሁር ሰላት በኋላ እየተቀመጥሁ፣ በአንድ ጣቴ ፊደል እየለቀምሁ፣ የሚያውቋቸውን ዐረፍተ ነገሮች አዘበራረቅሁባቸው። ዘይና ኩርፊያዋ ሲበርድ ተመልሳ መጥታ ነበር። የተለመደውን ልታወርደው ጀመረች፤ «በጎቹ ወደ ወንዝ…» አለችና ቆመች። ጣቷን መለሰች። ፊደሎቹን አንድ በአንድ፣ ጥሬ እንደሚለቅም ሰው፣ ለቀመቻቸው።

«መምህር፣ ተሳስተዋል።»

«ምን ተሳሳትሁ?»

«እዚህ ላይ እኮ ወንዙ ነው ወደ በጎቹ የወረደው!»

ዘይና ያነበበችው የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ይህ ነበር። ደስታዬን በሳል ሸፈንሁት።

ክረምቱ ገብቶ ከከተማው አጠገብ ያለው የጨፋ ሜዳ ውኃ በውኃ ሲሆንም ከክፍል አልቀረችም። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ትምህርቱ መካከል ላይ ስልኳ ጮኸ። በዐይኗ ፈቃድ ጠየቀችኝ፤ ፈቀድሁ። ይህን ቀን ስጠብቅ ኖሬያለሁና ሁሉም ጸጥ እንዲል በእጄ ምልክት ሰጠሁ። ዘይና ስልኩን ከፍ አድርጋ ያዘች፤ ተወዛወዘች፤ ቁርአን ቤት በተማረችው በዚያ ጥርት ባለ ድምፅ፣ ጣራው እስኪያስተጋባ ድረስ አነበበች።

«እማ… ደኅና ነኝ። ለረመዷን… እመጣለሁ። ለማንም… እንዳትነግሪ! አክስቴ ዙቤይዳ… እንዳትሰማ!»

ዙቤይዳ የተቀመጠችው ከአጠገቧ ነበር።

«እንዳትሰማ? እኔ? አዝዬ ያሳደግኋት እኔ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ራሴን ያዝሁ። «በልብሽ! ዘይና፣ በልብሽ አንብቢ እንጂ!»

«በልብ ደግሞ እንዴት ተደርጎ ይነበባል?» አለችኝ፤ ግራ የገባት ከልቧ ነበር። «አላስተማሩኝም!»

እውነቷን ነው። ቁርአን ቤቱ በድምፅ፣ ታብሌቱ በድምፅ፣ በድሩ በጩኸት፤ እኔም ብሆን ማንበቧን ላረጋግጥ ሁልጊዜ «ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» ነበር የምላት። የልጇን መልእክት ሰው ሳይሰማው ልታነብ የመጣችን ሴት በአደባባይ ማንበብ አስተምረን አበቃን። በድረ ገጹ ላይ ስለ ዝምታ ንባብ የሚል ትምህርት ፈለግሁ፤ የለም። ያንንም ራሴው ጻፍሁት። ለሁሉም ዐረፍተ ነገር ሰጥቼ «ከንፈር አይንቀሳቀስ!» አልሁ። ከማንበቡ ይልቅ ዝም ማለቱ ከበዳቸው። ዘይና የሻሿን ጫፍ በጥርሷ እየነከሰች ተለማመደች። ዙቤይዳ፣ ገና እንዳኮረፈች፣ ከዚያ ሁሉ ሴት አንደኛ ወጣች።

ከሳምንታት በኋላ ስልኩ እንደገና ክፍል ውስጥ ጮኸ። ዘይና ከፈተችው። ሻሹን ነከሰች። ዐይኖቿ ከግራ ወደ ቀኝ ሄዱ፤ ተመለሱ፤ ደግሞ ሄዱ። መካከል ላይ አንድ ቦታ ቆሙና ፊቷ ተለወጠ፤ ለደስታ ይሁን ለሐዘን ከውጭ የሚታወቅ አልነበረም። ዙቤይዳ አንገቷን ብታሰግግም አልጠየቀችም።

«ምን ትላለች?» ያልሁት እኔ ነበርሁ።

ዘይና ስልኩን አጥፍታ ጉያዋ ከተተችው፤ ሻሿንም አስተካከለች።

«ሰላም ናት፣ መምህር» አለችኝ። «ወደ ትምህርቱ እንመለስ።»