ላደርገው ስል

"ፍሬን! ፍሬን ይያዙ! ፍሬን!"

አሠልጣኙ ሦስተኛውን "ፍሬን" ሳይጨርስ በእሱ በኩል ያለውን ተጨማሪ ፍሬን በሁለት እግሩ ረገጠው። መኪናዋ ተንገጫገጨችና ከቆሻሻ ገንዳው አንድ ስንዝር ሲቀራት ቆመች። ገንዳው ላይ ቁርስ ፍለጋ የወጣችው ድመት ዘላ ወርዳ የገባችበት ጠፋ።

መሪውን የያዙት አማቱ ናቸው። ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ፊታቸው ላይ ድንጋጤ የሚባል ነገር አልነበረም።

"ልይዘው ስል ነው እኮ የጮህከው" አሉት።

"ታዲያ ለምን አልያዙትም?"

"ጮህካ!"

አሠልጣኙ ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ። ጊዜው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፤ የመንጃ ፈቃዱ የመንገድ ፈተና አራት ሰዓት ላይ ይጀምራል። ሦስተኛቸውና የመጨረሻቸው ነው፤ ሦስት ጊዜ የወደቀ ሰው ትምህርቱን ከሀ ብሎ እንደገና ይጀምራል። በመጀመሪያው ፈተና ፈታኙ "ይነሱ" ቢላቸው እጃቸውን አጣጥፈው አራት ደቂቃ ተቀመጡ። በሁለተኛው "አደባባዩን ዞረው ይመለሱ" ተባሉ። አደባባዩን አራት ጊዜ ዞሩት፤ አልተመለሱም። ፈታኙ ከመኪናው ሲወርድ ራሱን ይዞ ነበር።

አሠልጣኙን ባልደረቦቹ "አንቀጽ" ይሉታል፤ ያለ ምክንያት አይደለም። በእግሩ ሲሄድ እንኳ መንገዱ ጭር ብሎ መብራቱ ቀይ ከሆነ ቆሞ ይጠብቃል። ቀበቶ ላላሰረ ሠልጣኝ ሰላምታ አይመልስም። ከመኝታ ቤቱ ወደ ሳሎን ሲወጣ ግራ ቀኙን ያያል የሚሉም አሉ፤ ይሄኛው ግን ሐሜት ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ስድስት መቶ ሰው መንጃ ፈቃድ አስይዟል። እኚህ አንዲት ሴት ግን ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆኑበት።

አማቱ ከከተማው ጠርዝ ሦስት መቶ ዶሮ ያረባሉ። እንቁላሉን በትንሿ የጭነት መኪናቸው ለሱቆችና ለዳቦ ቤቶች ያደርሳሉ። ዘጠኝ ዓመት ያገለገላቸው ሾፌር የራሱን ሥራ ጀምሮ ከሄደ ወዲህ ሦስት ሾፌር ቀጥረው ነበር። ሦስቱንም፣ "በዚህ በኩል እንሂድ" ባሏቸው ቁጥር በዚያ በኩል እያስኬዱ አስመርረው ሸኟቸው። "ራሴ እነዳለሁ" ያሉት ያኔ ነው። ልጆቻቸው ተሰብስበው መከሩና ወሰኑ፦ እማዬ ካለፈች አለፈች፤ ካላለፈች ዶሮዎቹ ይሸጣሉ፣ እሷም እነ አንቀጽ ቤት ትገባለች።

እነ አንቀጽ ቤት ማለት ሁለት ክፍልና አንድ መታጠቢያ ቤት ነው። በስብሰባው ላይ ሚስቱ "ደስ ይለናል" ስትል አንቀጽ አብሮ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የመታጠቢያ ቤቱን በር እያየ ወረፋውን ያሰላል።

ያልሞከረው ዘዴ የለም። ለምኗል፣ ተቆጥቷል፣ መመሪያውን በትልልቁ ጽፎ መሪው ፊት ለፊት ለጥፏል። አንድ ቀንም ሚስቱ "በተቃራኒው ንገራት" ብላ መክራው "ፍሬን አይያዙ!" ብሎ ጮኸ። አማቱ በሕይወታቸው የታዘዙት ያን ቀን ብቻ ነው። የመኪናዋ የፊት መብራት እስከ ዛሬ በፕላስተር ተይዞ ነው የሚሄደው።

አሁን መስኮቱን ዝቅ አደረገና ወደ ውጭ እያየ ዝም አለ። ብልሃት አልነበረም፤ ሆድ ብሶት ነው።

"ወዴት ልሂድ?" አሉት አማቱ።

መልስ የለም።

"አኮረፍክ?"

አንቀጽ ወደ ውጭ ማየቱን ቀጠለ።

አማቱ ትከሻቸውን ሰበቁ። የኋላውን በመስታወት አዩ፣ የኋላ ማርሽ አስገቡ፣ ከገንዳው ራቁና ፍሬቻ አሳይተው መንገዱ ውስጥ ገቡ። ዜብራው ላይ ሁለት ተማሪዎችን አሳለፉ። መብራቱ ቀይ ሲሆን ከመስመሩ ወዲህ ቆሙ። ገበያው ጎን ባለው ጠባብ መንገድ ላይ ጋሪ፣ ሞተር ብስክሌትና ሶፋ የተሸከሙ ሁለት ሰዎች ገጠሟቸው፤ በየተራ አሳለፏቸው። አደባባዩን አንድ ጊዜ ብቻ ዞሩት። ከዚያ በሁለት መኪኖች መካከል በአንድ ሙከራ ገብተው ሞተሩን አጠፉ።

አንቀጽ አፉን ከፍቶ ቀረ። ስድስት መቶ ሰው ሲያሠለጥን እንዲህ ያለ የመኪና አቋቋም አላየም። ደስ ሊለው ሲገባ ተናደደ።

"ይችላሉ!" አለ፣ ሌባ እጅ ከፍንጅ እንደያዘ ሰው። "እስከ ዛሬ ሲቀልዱብኝ ነው የከረሙት!"

"አልቀለድኩም።"

"ታዲያ ምንድነው? እልህ ነው?"

አማቱ የመሪውን ዙሪያ በጣታቸው ዳበሱ።

"እልህማ ቢሆን ይበርድልኝ ነበር" አሉ። "ልንገርህ? ፍሬኑን ልይዝ እግሬ ተነስቷል። አንተ 'ይያዙ' ስትለኝ እዚያው ይደርቃል። ላደርገው ስል አድርጊ ካሉኝ ነገሩ የእኔ መሆኑ ይቀራል። ከልጅነቴ እንዲህ ነኝ። ፊቴን ልታጠብ ውሃ ቀድቼ ቆሜ እናቴ 'ታጠቢ' ካለችኝ ውሃውን ደፍቼ እመለሳለሁ። ስንት ኩርኩም ቀምሼበታለሁ መሰለህ!"

"ራስዎን ሲያዙስ?"

"ራሴንማ ጭራሽ አልሰማትም! ማታ 'ነገ በጠዋት ተነስቼ ቤቱን አጸዳለሁ' ካልኩ ጠዋት የምገኘው አልጋዬ ላይ ነው።"

አንቀጽ ሳይወድ በግድ ሳቀ። "ታዲያ ከአባባ ጋር ሠላሳ ዓመት እንዴት ኖሩ?"

"እሱማ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ቀን አድርጊ ብሎኝ አያውቅም። 'ጣሪያው ያፈሳል' ይልና ወደ ሥራው ይሄዳል። አፍስሶ አፍስሶ ሲበቃኝ እኔው ሠራተኛ እጠራለሁ። የሚታየውን ይነግረኛል፤ የሚደረገውን ለእኔ ይተወዋል።" ወደ እሱ ዞር አሉ። "እናንተ ቤት ብገባ ምን እንደምሆን ታውቃለህ? ልጄ ትወደኛለች። ከጠዋት እስከ ማታ 'እማዬ ተቀመጪ፣ እማዬ ብዪ፣ እማዬ ትንሽ ጋደም በዪ' ነው የምትለኝ። እርቦኝ ሳለ 'ብዪ' ስለተባልኩ ጦሜን አድራለሁ። ከእሷም ጋር እጣላለሁ፣ ከአንተም ጋር እጣላለሁ። ዶሮዎቼ አያዙኝም። ይርባቸዋል፣ ይጮኻሉ፤ አይቼ እሰጣቸዋለሁ። ሰው የምሆነው እዚያ ነው።"

የመጨረሻዋን ቃል ሲናገሩ መሪውን በሁለት እጃቸው አጥብቀው ያዙ። አንቀጽ አማቱ ሲፈሩ ያየው ያን ጊዜ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያሳሰበው የመታጠቢያ ቤቱ ወረፋ ነበር፤ አሁን ግን ስለ እሳቸው ፈራ፣ በራሱም አፈረ።

የቀረቻቸውን አንድ ሰዓት በአዲስ ቋንቋ ተለማመዱ። "መብራቱ ቢጫ ሆኗል" ይላል አንቀጽ፤ እሳቸው ፍጥነት ይቀንሳሉ። "ከኋላ አውቶቡስ አለ" ይላል፤ ጠጋ ብለው ያሳልፋሉ። አንድ ጊዜ ብቻ የድሮው አመሉ አሸንፎት ጣቱን ቀስሮ "ፍጥነቱ ስልሳ ደርሷል!" አለ።

"ይሄ ትእዛዝ ነው" አሉ አማቱ። "ልብስ ቀይሮ መጥቶ ነው እንጂ።"

"ይቅርታ። ስልሳ ነው።"

"አየሁት" አሉና ቀነሱ።

ወደ ፈተናው ጣቢያ ሲቃረቡ ግን አንቀጽ ሌላ ነገር ትዝ አለው። እሱ ተማረ፤ ፈታኙን ማን ያስተምረዋል? በደንቡ መሠረት አሠልጣኝ ከኋላ ይቀመጣል፤ አንዲት ቃል ከተናገረ ተፈታኙ ይወድቃል። ደንቡን ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ያቀረበው ራሱ አንቀጽ ነው።

ፈታኙ ጥቁር መነጽሩን እንዳደረገ ገብቶ ከፊት ተቀመጠ። በጣቢያው ሲወራ፣ ለሳል እንኳ ነጥብ ይቀንሳል ይባላል። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አመቻቸ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አፉን ከፈተ።

"ልጄ" አሉ አማቱ ቀደም ብለው፣ "ለመነሳት ዝግጁ ነህ?"

"እ... አዎ።"

"ቀበቶህስ?"

ፈታኙ ወደ ደረቱ ተመለከተ። አላሰረም። ቀላ ብሎ አሰረ።

"እንግዲህ ካልክ ልነሳ" አሉና ተነሱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንቀጽ ከኋላ ሆኖ በላብ ተጠምቆ ተመለከተው። መገንጠያ ሊደርሱ ሲሉ፣ ፈታኙ አየር ሳይስብ፣ "በቀኝ ነው በግራ?" ይላሉ። "በቀኝ" ይላል። በቀኝ ይታጠፋሉ። "ዳገቱ ላይ ቆሜ እንድነሳ ትፈልጋለህ?" "አዎ።" ይቆማሉ፣ ይነሳሉ። "ወደ ኋላ መንዳት የቱ ጋ ልታይልኝ ነው?" "እ... ከግንቡ ጎን።" አንቀጽ ቆይቶ ገባው። ጠይቀው የተነገራቸው ነገር ትእዛዝ አይደለም፣ መልስ ነው። ይሄን ማንም አላስተማራቸውም። ፈታኙ ቀስ በቀስ ወደ ወንበሩ ተደገፈ፤ ታክሲ ተሳፍሮ አክስቱ ጋ የሚሄድ ሰው መሰለ።

ይሁን እንጂ መንገዱ ሊያልቅ ሲል ሥራው ትዝ አለውና ድንገት "እዚህ ጋ ያቁሙ!" አለ።

አንቀጽ በኋላ ማሳያ መስታወቱ ውስጥ የአማቱን ፊት አየ። የቆሻሻ ገንዳው ጊዜ የነበረው ፊት ነው። ከኋላ ፍሬን እንደሌለ እያወቀ ወለሉን በሁለት እግሩ ረገጠ። መኪናዋ አልቆመችም። ሃያ እርምጃ ያህል ሄደች፤ ከዚያ ፍሬቻ አሳይታ፣ ወደ ዳር ወጥታ፣ ቀስ ብላ ቆመች።

"እዚያ ነው ያልኩዎት" አለ ፈታኙ።

"እዚያማ የክሊኒክ በር ነው። አምቡላንስ ቢወጣስ?"

ፈታኙ አንገቱን አዙሮ አየ። በሩ ላይ "መኪና ማቆም ክልክል ነው" የሚል በቀይ ተጽፏል። ለመጀመሪያ ጊዜ መነጽሩን አወለቀ፣ ደግሞ አየ፣ የሆነ ነገር ጻፈ። አማቱ በሩን አይተው ይሁን እግራቸው ደርቆ ይሁን፣ አንቀጽ እስከ ዛሬ አያውቅም፤ እሳቸውም ቢጠየቁ አይናገሩም።

ማለፊያው ሰባ አራት ነው። ያገኙት ሰባ ስድስት።

ቢሮ ውስጥ የቀረው የአሠልጣኙ ምስክርነት ብቻ ነበር። ወረቀቱ ላይ "በራሷ ኃላፊነት ለመንዳት ብቁ ናት" እና "ብቁ አይደለችም" የሚሉ ሁለት ሳጥኖች፣ ከሥር ደግሞ የፊርማ ቦታ አሉ። ያለ እሱ ውጤቱ አይመዘገብም፤ መዝገቡም ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሊዘጋ ሦስት ደቂቃ ቀርቶታል። አንቀጽ ይሄን ወረቀት ስድስት መቶ ጊዜ ሞልቷል። እንደ ዛሬ ግን ደስ ብሎት ብዕር አንስቶ አያውቅም። ጫፉን ወደ "ብቁ ናት" ወሰደው።

"በል ቶሎ በል!" አለ ፈታኙ፣ ሰዓቱን እያየ ወረቀቱን በጣቱ እየደበደበ። "እዚህ ላይ ምልክት አድርግ! እዚህ ጋ ፈርም!"

የአንቀጽ እጅ ቆመ።

ምን እንደነካው አላወቀም። ምልክቱ የእሱ ነበር፤ ከአማቱ ጋር ከገንዳው ጀምሮ እስከ ክሊኒኩ በር ለፍቶ ያገኘው ደስታው ነበር። አሁን የፈታኙ ሆነበት። እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየው።

"ምን ሆንክ አንቀጽ? አድርግ እንጂ!"

"ላደርገው ስል ነዋ የነገርከኝ!" አለ አንቀጽ። ድምፁን ራሱ አላወቀውም።

አማቱ ዐይናቸው ፈጠጠ። ሦስት መቶ ዶሮ፣ የገዛ ቤታቸውና የገዛ ሕይወታቸው በዚያች የብዕር ጫፍ ላይ ነው። የግድግዳው ሰዓት ቆጣሪ አንድ ደቂቃ አለፈ። ከአፋቸው ሊወጣ የደረሰው ቃል "ፈርም!" እንደሆነ ከንፈራቸው ላይ ይነበባል። ከንፈራቸውን ነከሱና መልሰው ዋጡት። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

"ዶሮዎቹ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አላገኙም" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

አንቀጽ ሰማቸው። ፈታኙ አሁንም ጣቱን ከወረቀቱ ላይ አላነሳም። አንቀጽ "ብቁ ናት" ላይ ትልቅ ምልክት አደረገ፤ ከዚያ ሳይቸኩል፣ ጣቱ ካረፈበት ቦታ ትንሽ ዝቅ አድርጎ፣ ፈረመ።