አንቱታ የሌለበት ቋንቋ

«አንዷን ያስቀራሉ» አለች ሬዲዮ፣ አውሮፕላኑ ገና መሬት ሳይለቅ።

ሬዲዮ የምንላት ማጥፊያ ስለሌላት ነው። ያንኑ ወሬ ከደረስን በኋላ ሻንጣ መጠበቂያው ጋ ደገመችው፤ ሚኒባስ ውስጥም ሰለሰችው። በደገመችው ቁጥር ሥጋ ታለብሰዋለች። ሲነሳ «አንዷን ያስቀራሉ» ብቻ ነበር። ሻንጣችን እስኪወጣ «ለሁለት ዓመት» ተጨመረበት። ከተማ ስንገባ ደግሞ «የቤተ ክርስቲያኑን መዋዕለ ሕፃናት የምታግዝ ልጅ ይፈልጋሉ፤ ማደሪያም ይሰጧታል» ሆኖ አረፈው።

«ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ሰው።»

«ሰውየው ስም የለውም?»

«ፕሮፌሰር፣ አንቺ ደግሞ ወሬ ያለ ደረሰኝ አትቀበይም» አለችኝና ለቡድናችን ወንዶች ልትነግር ወደ ኋላ ዞረች።

ፕሮፌሰር እንግዲህ እኔ ነኝ። ማዕረግ እንዳይመስላችሁ፣ ተረብ ነው። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ሥራዬ ሆቴል ውስጥ ልብስ ንጽሕና ክፍል ነው፤ አንሶላ እተኩሳለሁ። አንድ ቀን አንድ እንግዳ ረስቶት የሄደ ቅዱስ መጽሐፍ ከአንሶላ ጋር ተጠቅልሎ እጄ ገባ። የተጻፈው አሁን ለአገልግሎት በመጣንበት አገር ቋንቋ ነው። ጠያቂ ሲጠፋ ወሰድኩት። የእኛን ከጎኑ ዘርግቼ ምዕራፍ በምዕራፍ አስተያየኋቸው፤ ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ቃሉ የትም አያመልጠኝም። አነጋገሩን ደግሞ የዚያን አገር ሰባኪዎች ስልኬ ላይ ጭኜ፣ እንፋሎቱ እየጮኸብኝ ለመድኩት። አንድም ሰው «በርቺ» አላለኝም። ሳውቀውም፣ ከጌታ በቀር የማመሰግነው ሰው አልነበረም።

ከቡድናችን ቋንቋውን የሚችል ሌላ የለም። መሪያችን፣ ወንድም ሰዓት የምንለው፣ ከአገሩ መጋቢ ጋር በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው የሚግባባው። ሬዲዮማ በራሷ ቋንቋ እንኳ ስታወራ ግሥ ትረሳለች። ስለዚህ አንዷ የምትቀር ከሆነ ማን እንደሆነች ለእኔ ግልጽ ነበር። ግልጽ ነገር ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል። ወንበር ላይ አልረጋ፣ ምግብ ላይ አልረጋ አልኩ። ወንድም ሰዓት አፉን በከፈተ ቁጥር ጆሮዬ ይቆማል። ጠየቅኩት። «ጌታ እንደፈቀደ ይሆናል» አለኝ፤ እሱ ዘንድ ይህ ማለት «አትጨቅጭቂኝ» ነው።

ወደ ቤት መመለስ ለሌላው መመለስ ነው። እኔን የሚጠብቀኝ የወንድሜ ሳሎን ሶፋ ነው፤ ገና ብርድ ልብሴን ሳላጥፍ «ዛሬ እንግዳ አለብን» የምትል የወንድሜ ሚስት ያለችበት። አለቃዬም ፈቃድ ስጠይቀው «ሂጂ፤ ቦታሽ ግን ቆሞ አይጠብቅሽም» ብሎኛል። የመመለሻ ትኬት ነበረኝ። መመለሻ ግን አልነበረኝም።

ሬዲዮና እኔ የተመደብነው አንዲት መጋረጃ ሰፊ ቤት ነው። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ በዕድሜ እናቴን የምትበልጥ ሴት ናት። ዛሬም ስለ እሷ ሳወራ «አሉ» ማለት አይመጣልኝም፤ ባለጌ የሚለኝ ይበለኝ። በሩን ስትከፍት ስፒል በከንፈሮቿ ደርድራ ይዛ ነበር። ሬዲዮን ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ፣ በመንገድ ሁሉ ሳሰናዳ የመጣሁትን ንግግር ለቀቅኩት።

«አንቺ የዚህ ቤት እመቤት ሆይ፣ እኛ ከሩቅ የመጣን ነንና ከጣራሽ በታች አሳድሪን።»

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች። ደረቷ ላይ ሰካቻቸው።

«ሆይ?» አለች።

«አዎ፣ ሆይ» አልኳት።

«ግቢ። ሻንጣሽን ግን መጋረጃው ላይ እንዳታሳርፊ፣ ሆይ።»

ሬዲዮ «ምን አለች?» ብላ ወጠረችኝ። «ወደደችኝ» አልኳት።

ሁሉም ሰው የወደደኝ ይመስል ነበር። ሬዲዮን ሆዷን ሲያማት ፀጉሩ ለሸበተው መድኃኒት ሻጭ «የዚህች እህቴ ሆድ ታውኳልና ፈውስን ስጣት» አልኩት፤ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ስልኬ ሲዘጋ ባለ ሱቁን «ነፍሷ ወጥታለችና እስትንፋስን መልስባት» ስለው ቻርጀሩን ሰካልኝና ጎረቤቶቹን ጠራ፤ እንደገና አስባለኝ። መዋዕለ ሕፃናቱን ቀለም ስንቀባ ቀለሙ አለቀ። መጋቢው ሲያልፉ «አንተ እረኛ ሆይ፣ ባልዲያችን ባዶ ሆኗልና ሙላልን» አልኳቸው። አንገታቸውን ሰብረው «እሞላለሁ» አሉ፤ ጢማቸው ውስጥ ፈገግታ አየሁ። ያን ፈገግታ ለእኔ እንደተሰጠ ድምፅ ቆጠርኩት። መራጩ እሳቸው ናቸው ብላ ነበር ሬዲዮ፤ የዕለቱ ጭማሪ ይኸው ነበር።

አመሻሽ ላይ ወደ ቤት ስንገባ መጋረጃ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ናት። ቤቱ ውስጥ ከጨርቅ ሌላ የለም፤ ተቀምጠሽ ስትነሺ ክር ተከትሎሽ ይነሳል። አንድ ቀን ቆሜ ሳያት ስስ ጨርቅ ዘርግታ ካውያውን አነሳች። ከፊቴ ጨርቅ ሲቃጠል ዝም ማለት አልችልም፤ እንጀራዬ ነው።

«አንቺ፣ ካውያው ግሏል፤ ዝቅ አድርጊው።»

እጇ አየር ላይ ቀረ። «እስቲ ድገሚው።»

«ካውያው ግሏል።»

«ከፊቱ ያለውን።»

«አንቺ፣ ካውያው ግሏል።»

«እሺ» አለች፣ ልክ እንደ ታዘዘች ልጅ፤ ዝቅ አደረገችው። ከዚያ ካውያውን ለእኔ ሰጠችኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ከቀለም ሥራ ስመለስ ካውያውን ሰክታ ትጠብቀኛለች። እሷ ትሰፋለች፣ እኔ እጥፋቱን እተኩሳለሁ። ቃሌን ታርመኛለች። አንዱን መጋረጃ «የመቅደሱ» ብዬ ብጠራው «የጥርስ ሐኪሙ መጋረጃ ነው፤ መቅደሱ ውስጥ ጥርስ አይነቀልም» አለችኝ። ፌርማታ፣ ቁልፍ፣ መብራት ማጥፊያ ምን እንደሚባል ያስተማረችኝ እሷ ናት። አንዱን ቃል ግን አላስተማረችኝም። እጄ ሥራ ሲይዝ ልቤም ይረጋ ነበር፤ በዚያ አገር የረጋሁት እዚያ ካውያ ላይ ብቻ ነው። ሬዲዮ ወለሉ ላይ ተዘርፍጣ ክር እየለቀመች፣ ማንም በማይገባው ቋንቋ ወሬዋን ትነዛለች። ሴትዮዋን «እማ» ትላታለች። ቋንቋ ስለማታውቅ ነው ብዬ አለፍኳት።

ነገሩን ያፈነዳችው የመጋቢው ልጅ ናት። አብረን ግድግዳ ስንቀባ ብሩሹን ባልዲው አፍ ላይ አስተኝታ ወደ እኔ ዞረች።

«ልጠይቅሽ? በእናንተ ቋንቋ እርስዎ የሚባል የለም?»

«አለ እንጂ። ለምን ይጠፋል?»

«በእኛም አለ።»

«ምንድነው?»

ነገረችኝ። አጭር ቃል ናት። ሙሉውን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ሄጄበታለሁ፤ አንድም ቦታ አላገኘኋትም። እንዴትስ ላግኛት። እዚያ ውስጥ ንጉሡም አንተ ነው፣ ለማኙም አንተ ነው፣ ፈጣሪም ራሱ አንተ ነው። ሰባኪዎቹ ደግሞ «እናንተ» ይላሉ እንጂ አንድ ሰው ለይተው እርስዎ አይሉም።

«አባቴን ‹አንተ እረኛ› ስትያቸው እኔ ጓዳ ገብቼ ነው የሳቅኩት» አለች። «መጋረጃ ሰፊዋንማ ተዪው። እሳቸውን አንቺ ለማለት የሚደፍር በዚህ ሰፈር የለም።»

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገራችሁኝም?»

«ደስ ትያለሽ ብለን ነዋ። ሕፃን አፉን ሲፈታ እንደሚያምረው።»

ብሩሹን አንስቼ የቀባሁትን ግድግዳ መልሼ ቀባሁት። መድኃኒት ሻጩ ዓይኑን የጠረገው፣ ባለ ሱቁ ሰው የጠራው፣ ያ ሁሉ ድምፄ ነው ብዬ የሰበሰብኩት ፈገግታ እንደ እርጥብ አንሶላ ላዬ ላይ ተከመረ። ብትሰድቡኝ እመልሳለሁ። ደስ ትያለሽ ለሚለኝ ግን መልስ የለኝም። ቃሏን በአፌ ውስጥ እያገላበጥኩ፣ ለመንገድ መብራቱም ለውሻውም እርስዎ እያልኩ ቤት ገባሁ።

ካውያው ተሰክቶ ነበር። ጨርቁን ዘረጋሁና አስተካክዬ አልኩ፦

«እርስዎ፣ ካውያው ግሏል፤ ዝቅ ያድርጉልኝ።»

የመኪናው ጎማ ቀስ ብሎ ቆመ።

«ምን አልሽ?»

አልሰማችኝም ይሆናል ብዬ ጮክ አድርጌ፣ ይበልጥ አጥርቼ ደገምኩት።

«ማን አስተማረሽ?»

የመጋቢው ልጅ ማለት ይቻል ነበር። ስህተቴን ዛሬ ነገሩኝ ማለትም ይቻል ነበር። ግን ለአንድ ቀን የበቃኝን ያህል ተስቆብኛል።

«ማንም። ራሴ ነኝ» አልኳት። «እንዲህ ማለት እንደሚሻል አሰብኩ።»

ተነሳች። ካውያውን ከእጄ ወሰደች፤ አልነጠቀችኝም፣ ወሰደች። «እንግዳ ነሽ፤ እንግዳ አይሠራም» አለችኝና ደህናውን ወንበር ሳበችልኝ።

ከዚያ በኋላ በክብር ተያዝኩ። ለእኔ ብቻ አዲስ ፎጣ ወጣ። ደህናው ኩባያ፣ ደህናው ወንበር የእኔ ሆነ። ቃሌን ማረምም ተወች። ሬዲዮ ወለሉ ላይ ክሯን እየለቀመች፣ አንዳንዴም ካውያውን በስህተት ይዛ ጣቷን እየተቃጠለች ትስቃለች፤ ሴትዮዋም ጣቷን ውሃ ውስጥ እየነከረችላት ትስቃለች። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ አያቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ካውያው ጨርቅ ሊያቃጥል ሲል ወገቤ በራሱ ተነሳ፤ እሷ ግን በእጇ «ይቀመጡ» የሚል ምልክት አሳየችኝ። ተቀመጥኩ። መከበር እንዲህ ከሆነ ትንሽ ይጎረብጣል አልኩ፣ ግን ይለመዳል አልኩ። እግሬ ግን ወለሉን መምታት አላቆመም።

የመጨረሻው እሑድ አዳራሹ ሞላ። የመጋቢውን ንግግር ለቡድናችን የምተረጉመው እኔ ነኝ፤ ከጎናቸው ማይክ ይዤ ቆሜያለሁ። አመሰገኑን። ተረጎምኩ። የቀለሙን ነገር አንስተው ቀለዱ። ተረጎምኩ፤ ሳቁ እንኳ በሰዓቱ መጣ። ቀጥለው «ከእኛ ጋር ለሁለት ዓመት የምትቀረው እህታችን» አሉ። ያንንም ተረጎምኩና ፊቴን አዘጋጅቼ ጠበቅኩ፤ ፊቱን ከሳምንት በፊት ነበር የመረጥኩት፣ ትሕትና ያለበት።

የጠሩት የሬዲዮን ስም ነው።

ሕዝቡ እጅ አወጣ፣ አጨበጨበ። የእኛዎቹ ግን ገና አልሰሙም፤ ሁሉም ዓይናቸው እኔ ላይ ነው፣ እኔን ይጠብቃሉ። ማይኩን አፌ ላይ አድርጌ ስሟን ጠራሁ። አንዲት ፊደል አላዛባሁም።

ሬዲዮ ያለ ወትሮዋ ዝም አለች። አዳራሹ ባዶ ሲሆን መጥታ ክንዴን ያዘችኝ።

«ፕሮፌሰር፣ እኔ እኮ ወሬውን ሳወራ የነበረው አንቺን አስቤ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ቋንቋውን እንኳ አልችልም።»

«ትለምጂዋለሽ።»

«በምን?»

መጽሐፉን ልሰጣት አሰብኩ፤ ከቦርሳዬም አወጣሁት። ከዚያ መልሼ ከተትኩት። ደግሞ እሷም ሆይ ስትል ትኑር?

ስንሄድ መጋረጃ ሰፊዋ በር ድረስ ሸኘችኝ። «ስላደረጉልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ» አልኳት፣ ያቺን አጭር ቃል በቦታዋ አስቀምጬ። እጄን ያዘች፤ ድሮ ካውያ ያቃጠለኝ ጠባሳ ላይ አውራ ጣቷን አሳረፈች።

«በደህና ይግቡ» አለችኝ።

በልጅነቴም በዕድሜዬም እርስዎ ያለኝ ሰው አልነበረም። ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ፣ ቢያንስ አንዷን አሸንፌያለሁ አልኩ።

አየር ማረፊያው ሰልፉ አይንቀሳቀስም። ወንድም ሰዓት ከኋላዬ ሆኖ ሰዓቱን ያያል። እኔ ሻንጣዬን ወደ ፊት እገፋለሁ፣ መልሼ እስበዋለሁ።

«ሬዲዮ ትችለው ይሆን?» አለ ለጨዋታ ያህል። «ክፍሏ ጠባብ ናት።»

«የትኛዋ ክፍል?»

«የመጋረጃ ሰፊዋ ናታ። እሳቸው ዘንድ አይደል የምትኖረው። ምርጫውም የእሳቸው ነበር፤ ቤቱ የእሳቸው ስለሆነ መጋቢው አልገቡበትም።»

ሰልፉ አንድ እርምጃ ተራመደ። እኔ አልተራመድኩም።

«መጀመሪያማ አንቺን ነበር ያሉት» አለ። «እንዳትታበዪ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ‹ያቺ አንቺ የምትለኝ ልጅ ትቅርልኝ› ብለው። ባላቸውም እናታቸውም ካረፉ ወዲህ አንቺ ያላቸው ሰው የለም። መጋቢው ይህን ለእኔ ሲያስረዱ ላባቸው ነው ጠብ ያለው፤ እንግሊዝኛ እርስዎ የለውም። ኋላ ግን ሴትዮዋ ራሳቸው መጥተው ተዉት።»

«ምን ብላ?»

«ብለው» ሊለኝ ይመስል ቀና ብሎ አየኝ፤ ግን አላለኝም።

«‹ምን እንዳስቀየምኳት አላውቅም› አሉ። ‹ማንም ሳያስተምራት፣ ራሷ አስባበት፣ እርስዎ አለችኝ።›»