አዎ፣ ማዳም

ንዱንጌ ገና ከሞተር ሳይክሉ ሳትወርድ ተማሪዋ ሙቴው በቤቷ ደጅ ከተቀመጠችበት በርጩማ ብድግ አለች። እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ አንገቷን ደፋች። ቢሮ የተጠራች ተማሪ ሁሉ የምትቆመው እንደዚያ ነው።

«አጥፍቻለሁ፣ ማዳም።»

«ማን አጠፋሽ አለሽ? ተቀመጪ እንጂ!» ንዱንጌ ሳታስበው ጮኸች። ልጅቷ አልተቀመጠችም።

እናትየው የርግብ አተር የምትፈለፍልበትን ሰፌድ አስቀመጠች። «ለእኔ ይህን ሁሉ ሳምንት ትንፍሽ አላለችም። ለእርስዎ ወዲያው! ተማሪዎቹን ምን ቢያደርጓቸው ነው እባክዎ?» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልቆየም።

በኬንያ ማቻኮስ ከተማ አቅራቢያ ባለው የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ንዱንጌ ቀጪም መካሪም ናት። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው የምክር አገልግሎት ነበር። ርዕሰ መምህሩ የምክር ክፍሉን የሰጣት ሥነ ሥርዓት ማስከበሩንም ደርባ እንድትይዝ በሚል ቅድመ ሁኔታ ነው፤ እሷም እሺ አለች። ጠዋት ያረፈዱትን በምትቀጣበት ወንበር ላይ ከሰዓት በኋላ «ምን ከበደሽ?» ትላለች። በሯ ላይ የታየችውን ልጅ ጓደኞቿ «ምን አጥፍተሽ ነው?» ይሏታል።

ባለፈው ወሰነ ትምህርት ሙቴው ያን በር አንኳኩታ ነበር። ንዱንጌ ቀና እንኳ ሳትል «ደግሞ ምን አጠፋሽ?» አለቻት።

«ምንም፣ ማዳም።»

በሌላ ቀን ተመልሳ ስትመጣ ያለ ምክንያት ከክፍል ወጣሽ ብላ ግቢ አስጠረገቻት። ከዚያ በኋላ ልጅቷ አልመጣችም። አንድ ጠዋት ከአልጋዋ መነሳት አቃታትና ወደ ቤቷ ተላከች።

አሁን የአእምሮ ሐኪም ቀጠሮ ተገኝቷል። የሆስፒታሉ ነርስ በስልክ «አስቀድማችሁ ራሷን የመጉዳት ሐሳብ እንዳላት ጠይቋት፤ ካላት ቀጠሮ ሳትጠብቁ ዛሬውኑ አምጧት» ብላለች። ንዱንጌ ጥያቄውን መንገዱን ሙሉ ስታጠና ነው የመጣችው።

«ሙቴው፣ እንቅልፍ ይወስድሻል?»

«አዎ፣ ማዳም።»

«ትበያለሽ?»

«አዎ፣ ማዳም።»

እናትየው ከኋላ «የለም» በሚል ራሷን ነቀነቀች። ንዱንጌ ቀጣዩን ጥያቄ ዋጠችው። ለእሱም የሚመጣው መልስ ቀጪዋን ደስ የሚያሰኘው ይሆናል፤ እንዲያ አድርጋ ያስተማረቻቸው ራሷ ናት።

ከንዱንጌ ጋር የመጣችው ወጣቷ መምህርት ካቫታ መሬት ላይ ዘፍ ብላ አተር መፈልፈል ጀምራለች። «አንቺ ስትቀሪ በመረብ ኳሱ ቦታሽን ማንን አስያዙብኝ መሰለሽ? ያችን ቀርፋፋ ሲዮኩን! ለተጋጣሚ እያቀበለች አስጨረሰችን።»

«ሲዮኩን?» አለች ሙቴው። ሳቅ ሊያመልጣት ነበር።

ንዱንጌ ካቫታን ወደ ጎን ጠራቻት። «ራስሽን መጉዳት ታስቢያለሽ ወይ ብለሽ በቀጥታ ጠይቂያት። የምትልሽ ቢያስደነግጥሽም አትቆጪ፤ ስሚያት ብቻ። ከዚያ ደውዪልኝ።»

«እኔ? የተማሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ እዚህ እስካለሁ ቆማ ነው የምትውለው።»

ወደ ሞተር ሳይክሉ ተመለሰች።

«ጨረስን ማዳም?» አለ ባለሞተሩ።

«አልጨረስንም። ከመታጠፊያው ወዲያ ውሰደኝ፤ ከዚህ በማልታይበት ስልክ እጠብቃለሁ።»