እናቴን አንቱ ያልኩበት ቀን

ውሸቱን እኔ አልጀመርኩትም። አላረምኩትም እንጂ።

ኮስሞቲክስ ሱቁ ውስጥ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ጓዳ ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጠን ሳለ ባልደረባዬ እናቴ ምን እንደምትሠራ ጠየቀችኝ። ይህችን ባልደረባዬን ሁላችንም "ቅንድብ" ነው የምንላት፤ በእርሳስ የምትስለው ቅንድብ ከተፈጥሮው ስለሚያምር ደንበኞች እሷኑ ብለው ከሩቅ ይመጣሉ።

"ሆስፒታል ነው የምትሠራው" አልኳት።

"ዶክተር ናቸው?" አለች ዓይኗን አፍጥጣ።

የያዝኩትን ዳቦ ገመጥኩና ዝም አልኩ። እሷ ዝምታዬን ለትሕትና ወሰደችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ "የዶክተሯ ልጅ" ሆኜ ቀረሁ፤ የሱቁ ባለቤት እንኳን ለደንበኛ ስታስተዋውቀኝ እንደዚያ ማለት ጀመረች። እኔም ቀስ በቀስ ስሙን ለበስኩት።

እናቴ የምትሠራው የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሕሙማን አንሶላ አጥባለች። በረኪናው የጣቶቿን ጫፍ አንጥቶታል፣ እንፋሎቱ ጉንጮቿ ላይ ማዲያት አውጥቶባታል። እኔን ያሳደገችኝ፣ ኋላም ሜካፕ ልማር ስላት "ደስ ካለሽ ተማሪው" ብላ የከፈለችልኝ በዚያው እጇ ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ባላውቅ ኖሮ ይሄን ያህል አያሳፍረኝም ነበር።

ባለፈው ዓመት ወገቧ እርጥብ አንሶላ ማንሳት እምቢ አላትና ወደ ካርድ ክፍል አዛወሯት። ከመስኮት ኋላ ተቀምጣ የሚመጣውን ሰው ትመዘግባለች፣ ካርድ ታወጣለች። ወሬውን ይዛ ቤት የገባች ዕለት እንደ ልጅ ትፍለቀለቅ ነበር።

"ሰው ፊት ልቀመጥ ነው እኮ!" አለችኝ። "እዚያ ያሉት ልጆች ፊታቸው ጥርት ያለ ነው። እስቲ ሰው የሚያስመስለኝን ነገር አሳዪኝ። ብዙ አልፈልግም፤ ጠዋት ጠዋት በአሥር ደቂቃ የምጨርሰው ይሁን።"

"ነገ" አልኳት። ነገ ሲደርስ "ደክሞኛል እማዬ፣ እሑድ" አልኳት። እሑድ ደግሞ "ሳምንቱን ሙሉ የሰው ፊት ስነካካ ከርሜ ዛሬም?" አልኩ። አልነዘነዘችኝም። እናቴ መነዝነዝ አትችልበትም።

ካርድ ክፍል ሰኞ ልትገባ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሱቁ መጣች።

የመሞከሪያ ሊፕስቲኮቹን ጫፍ በአልኮል እየጠረግኩ ነበር። የመስታወቱ በር ሲከፈት ቀና አልኩ። የመጨረሻዋን ፈረቃ ጨርሳ በቀጥታ የመጣች መሆን አለበት፤ ሰማያዊውን የማጠቢያ ክፍል ጋውን አላወለቀችም። የላስቲክ ጫማዋ በተወለወለው ወለል ላይ ሲጥ ሲጥ ይላል። ቅንድብ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "መጡልሽ። በነፃ ተቀብተው የሚሄዱት" አለችኝ።

እናቴ አየችኝ። ፊቷ በራ። አፏን ከፈተች፤ ስሜን ልትጠራ እንደሆነ፣ ከስሜም ቤት ውስጥ የምትጠራኝን እንደሆነ ገብቶኛል። ቀደምኳት።

"እንኳን ደህና መጡ። ምን ልርዳዎት?"

በሕይወቴ እናቴን አንቱ ብያት አላውቅም። አንቱታ ክብር ነው፤ ለአስተማሪ፣ ለጎረቤት አዛውንት፣ ለማያውቁት ሰው። ለእሷ ግን በጥፊ የመታኋት ያህል ነበር። አፏ እንደተከፈተ ቀረ። እኔን አየች፣ ቅንድብን አየች፣ የለበሰችውን ጋውን ቁልቁል አየች። ከዚያ አፏን ገጠመችና ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ለሥራ የሚሆን... ቀለል ያለ ነገር ፈልጌ ነበር" አለች። "እርስዎ ጊዜ ካለዎት።"

እሷም አንቱ አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን መሬት ስትፈለግ አትሰነጠቅም፤ እናም "ይቀመጡ" ብዬ ወንበሩን አዞርኩላት።

ገና ሳትደላደል እጇን ዘረጋችልኝ፤ ቀለሙን እጅ ላይ የምሞክር መስሏት ነው። ቅንድብ ነጭ ነጭ የሆኑትን የጣት ጫፎች አይታ፣ "ውይ፣ እጃቸው!" አለች፤ በክፋት አልነበረም፣ ግን ተሰማ። እናቴ እጇን ጋውኗ ሥር ከተተችው።

"እጅ ላይ አይሞከርም" አልኩ፣ ድምፄ የራሴ አልመስል ብሎኝ። "የእጅና የፊት ቀለም አይገጥምም። መንጋጋ ሥር ነው የሚታየው።"

ፊቷን በእርጥብ ጥጥ ጠረግኩ። ሽታ የሌለውን ክሬም ቀባሁና ቆዳዋ እስኪጠጣው ጠበቅኩ። የቆዳ ቀለም ካላቸው ሦስት ፋውንዴሽኖች ትንሽ ትንሽ ወስጄ መንጋጋዋ ላይ ሦስት መስመር አሰመርኩ፤ መካከለኛው ቆዳዋ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። እሱን መረጥኩ። ማዲያቱን በቀጥታ በፋውንዴሽን ቢሸፍኑት አመድ ይመስላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ብርቱካንማውን ማስተካከያ በጣቴ ጫፍ መታ መታ አደረግኩበት። ከዚያ ስፖንጁን በውሃ አርሼ ጨመቅኩና ፋውንዴሽኑን ከአፍንጫዋ ወደ ውጭ ተጫንኩት።

"አይታሽም፤ እንዲህ ይጫኑታል እንጂ" አልኳት። "ካሹት ይላጣል።"

"እሺ" ትላለች። "እሺ፣ እርስዎ እንዳሉ።"

አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ፊቷን ይህን ያህል ቀርቤ አይቼው አላውቅም። ከግራ ዓይኗ ሥር ትንሽ ጠባሳ አለች። አላውቃትም ነበር። ከየት እንደመጣች ልጠይቃት አማረኝ፤ የማላውቃትን ሴትዮ እንዴት ብዬ እጠይቃለሁ?

ቅንድብ መደርደሪያውን ተደግፋ ታየን ነበር። "ማዘር፣ የት ነው የሚሠሩት?"

"ሆስፒታል።"

"የዚህችም እናት እኮ ሆስፒታል ናቸው! ዶክተር ናቸው። ያውቋቸው ይሆናል።"

ስፖንጁ እጄ ላይ ቆመ። እናቴ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። ምን ያህል ጊዜ እንዳየችኝ አላውቅም፤ ለእኔ ግን ያደግኩበትን ዘመን ያህል ረዘመብኝ። አንድ ቃል ብትናገር አለቀልኝ። ብትናገር ኖሮ እንዴት እንደሚቀለኝም አውቅ ነበር።

"ሆስፒታሉ ትልቅ ነው" አለች በመጨረሻ። "ዶክተሮቹን ሁሉ አላውቃቸውም።" ቀጥላም፣ "ግን ጎበዝ ልጅ አሳድገዋል። እጇ ለስላሳ ነው" አለች።

"ወደ ላይ ይመልከቱ" አልኳት። ኩሉን ከታችኛው ሽፋሽፍት ሥር ስስብ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"አቃጠለዎት?"

"አይ። ዓይኔ ስላልለመደው ነው።"

የጠረግኩት እንባ የኩል ይሁን የእኔ ሥራ፣ እኔና እሷ እናውቃለን። ጉንጯን ቀላ በሚያደርገው ብላሽ በስሱ ነካሁላት፤ ከንፈሯን ከራሱ ቀለም እምብዛም የማይርቅ ሊፕስቲክ ቀባኋት። ወንበሩን ወደ መስታወቱ አስጠጋሁት። አምራ ነበር። እውነቴን ነው፣ በጣም አምራ ነበር።

"ሰው መሰልኩ" አለች።

ከዚያ "በነፃ" የተባለውን ሰምታ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ የኩልና የቅንድብ እርሳስ ገዛች። ሒሳቡን ለቅንድብ ሰጥታ፣ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልፋት ሆነብዎት" ብላኝ ወጣች። ጫማዋ እስከ በሩ ድረስ ሲጥ ሲጥ አለ። እኔ ፊት እያሳመርኩ እንጀራዬን የምበላ ሰው፣ የገዛ እናቴን ፊት ነሳኋት።

ማታ ቤት ስገባ ጠረጴዛው ላይ መስታወት አስደግፋ ተቀምጣ አገኘኋት። የቀኝ ዓይኗ እኔ እንደሠራሁት ነው። የግራውን አጥባ ራሷ ደግማዋለች፤ ኩሉ እስከ ጠባሳዋ ወርዷል።

"እማዬ..." አልኩ በሩ ላይ ቆሜ።

"ግራው አልሆነልኝም" አለችኝ። "ነይ እስቲ መጀመሪያ ይሄን አሳዪኝ። ከሰኞ በፊት እጄን ላለማምደው።"

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ክንዷን ጠረጴዛው ላይ እንድታስደግፍ፣ ከዚያ ከዓይኗ ጠርዝ ወደ ውስጥ አጫጭር መስመር እንድትስል አሳየኋት። ሁለት ጊዜ ሳተች፣ በሦስተኛው ተሳካላት። እርሳሱን አስቀመጠችና፣

"ዶክተር ናት ብለሻቸው ነው?" አለችኝ።

"እነሱ ናቸው ያሉት።"

"አንቺስ?"

"ዝም አልኩ።"

ራሷን ነቀነቀች። "ዶክተር መባሉስ አይከፋም ነበር" አለች፤ ልታስቀኝ ነው፣ አልሳቅኩም። "ጋውኑን አውልቄ መምጣት ነበረብኝ። ቸኩዬ ነው።"

"እማዬ፣ በፈጣሪ! ጥፋቱ ያንቺ አይደለም!"

"አይደለም" አለች ረጋ ብላ። "አንቱ ስትዪኝ ግን የሞትኩ መሰለኝ። ሞቼ፣ አንቺም የማን ልጅ እንደሆንሽ የረሳሽ መሰለኝ።"

እግሯ ላይ ወደቅኩ። አነሳችኝ፤ ግን ወዲያው አይደለም። ያቺን ትንሽ መዘግየት እስከዛሬ አልረሳኋትም።

ሰኞ ጠዋት ፊቷን ሠርቼ ወደ ካርድ ክፍል ሸኘኋት። ሱቅ እንደገባሁ ቅንድብን ጓዳ ወሰድኳትና፣ ዓርብ የመጣችው ሴት እናቴ እንደሆነች፣ ልብስ አጣቢ እንደነበረች፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላት።

"አውቄ ነበር" አለችኝ።

"እንዴት?"

"አንቺ ለማንኛውም ደንበኛ መጀመሪያ 'ቆዳዎን የሚያስቆጣው ነገር አለ?' ትያለሽ። እሳቸውን ሳትጠይቂ ሽታ የሌለውን ክሬም ብድግ አደረግሽ።"

"ታዲያ ስለ ዶክተሯ ለምን ጠየቅሻቸው?"

"አሁን ትናገራለች ብዬ ነዋ። በር ከፈትኩልሽ፣ አልገባሽም።" ካርቶኑ ላይ ተቀመጠችና ጣቶቿን ታይ ጀመር። "እኔም ስለ እጃቸው የተናገርኩት ሌሊቱን እንቅልፍ ነስቶኛል። ይቅርታ በዪልኝ።"

ለሱቁ ባለቤትም ነገርኳት። ትከሻዋን ሰብቃ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ያን ሁሉ ጊዜ ተሸክሜው የኖርኩት ጉድ ለሌላ ሰው ትከሻ መስበቂያ እንኳን በቅጡ አልሞላም።

እናቴን ግን "ነይ፣ ላስተዋውቅሽ" ብላት "ሥራ አለብኝ" አለችኝ። ስለዚህ በዕረፍት ቀኔ እኔ ሄድኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራበት የሥራ ቦታዋን ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነበር። የካርድ ክፍሉ ሰልፍ እስከ ኮሪደሩ ይደርሳል። እኔም ከኋላ ተሰለፍኩ። ተራዬ እየቀረበ ሲመጣ እሷም 'ምን ልርዳዎት?' እንዳትለኝ ፈራሁ።

ከመስኮቱ ኋላ ተቀምጣለች። አንዱ ቅንድቧ ከሌላው ከፍ ብሏል፣ የሚገርም ነገር እንደሰማች ሰው። ቀና ስትል አየችኝ፤ እርሳሱን ከነመዝገቡ ትታ ብድግ አለች።

"ልጄ ናት!" አለች፤ አጠገቧ ለተቀመጠችው፣ ለሰልፉ፣ ለኮሪደሩ ሁሉ። "ልጄ ናት፣ ያቺ የምላችሁ!"

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ልብስ ማጠቢያው ወሰደችኝ። የድሮ ባልደረቦቿ እንደ ሙሽራ ከበቡኝ። የታጠፈ አንሶላ ክምር ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ሰጡኝ፤ በቦርሳዬ የያዝኩትን አውጥቼ መሥራት ጀመርኩ። የሁሉም ጉንጭ ላይ ያው ማዲያት አለ፣ የሁሉም ጣት ጫፍ ነጭ ነው። ከመካከላቸው ትልቋ፣ ወፍራም ሳቂታ ሴት፣ እርሳሱን ወደ ዓይኗ ሳስጠጋ እንዲህ አለችኝ፦

"ተባረኪ ልጄ። ያን ዕለት እናትሽ ሱቃችሁ ስትመጣ፣ በዚያ ጋውኗ 'እናቴ ናት' ብለሽ ለሁሉም አስተዋወቅሻት አሉ። ነግራናለች። አልቅሰናል እኮ! የዛሬ ልጅ እንደዚያ ያደርጋል?"

እርሳሱን ገለል አደረግኩ። እናቴን አየኋት። ካልሲ የምታክል ፎጣ ይዛ እያጠፈች ነበር፤ አጥፋ ጨርሳ፣ ፈታችና እንደገና ማጠፍ ጀመረች። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ብናገር ግን የማዋርደው ራሴን ብቻ አልነበረም፤ እሷን ነው፣ በባልደረቦቿ ፊት።

"ዓይንሽን ጨፍኚ አንቺ፣ ይበላሽብሻል" አለቻት እናቴ፣ ዓይኗን ከፎጣው ሳትነቅል።

ሴትየዋ ጨፈነች። እኔም ላልሠራሁት ደግነት ምስጋና ተቀብዬ፣ ዓይኗን ኳልኩ።

አሁን በወር አንዴ፣ ሐሙስ ቀን፣ ወደ ማጠቢያው እሄዳለሁ። ሴቶቹ እጃቸው ተፈቷል፣ ሁለቱ ከእኔ የተሻለ ኩል ይስባሉ። እናቴም ቅንድቦቿን ማመጣጠን ተክናለች። ሱቁ ግን ከዚያ ዓርብ ወዲህ አልመጣችም። ቅንድብ ወንበሩን በጠረገች ቁጥር "መቼ ነው የሚመጡት?" ትለኛለች። እኔም ማታ ማታ እጠይቃታለሁ።

"እስቲ" ትለኛለች፣ "ጊዜ ሳገኝ።"